ሳያዩ የሚመርጡ ልጆች፦ ለትምህርት ሚኒስቴር የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለትምህርት ሚኒስቴር
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ ተማሪዎች የትምህርት መስመር ከመምረጣቸው በፊት ሥራን በዓይናቸው የሚያዩበት ጊዜ፣ ከመረጡ በኋላም የሚመለሱበት በር እንዲኖራቸው ስለመጠየቅ

ክቡራን፣

በደብረ ብርሃን ከተማ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ኬሚስትሪ አስተምራለሁ። ለብዙ ዓመታት የ10ኛ ክፍል ሆም ሩም ሆኜም ሠርቻለሁ። ስለዚህ በየዓመቱ አንድ ቅጽ በእጄ ያልፋል። ስም፣ የአባት ስም፣ ክፍል፣ ከዚያ ሁለት ምርጫ፦ ናቹራል ወይም ሶሻል። ተማሪው አንዱ ላይ ምልክት ያደርግና ፈርሞ ይመልስልኛል። አብዛኞቹ ገና የአሥራ ስድስትና የአሥራ ሰባት ዓመት ልጆች ናቸው።

ምልክቷ ትንሽ ናት። የምትወስነው ግን ብዙ ነው። ናቹራል ያለ ልጅ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪና ባዮሎጂ ይዞ ይቀጥላል። ሶሻል ያለው ታሪክ፣ ጂኦግራፊና ኢኮኖሚክስ ይይዛል። የ12ኛ ክፍል ፈተናቸው ይለያያል። ዩኒቨርሲቲ ሲደርሱ የሚከፈትላቸውና የሚዘጋባቸው የትምህርት ክፍልም ይለያያል። ከዚያ ወዲያ ሐሳብ መቀየር ይቻላል ብሎ የሚነግራቸው የለም። ወረቀት የያዘውን አይለቅም።

ቅጹን ስሰበስብ "ለምን ይህን መረጥክ? ለምን ይህን መረጥሽ?" ብዬ እጠይቃለሁ። መልሶቹን በቃሌ ይዣቸዋለሁ። "ጓደኞቼ ሁሉ ናቹራል ስለሚገቡ።" "ሶሻል የሰነፍ ነው ስለሚባል።" "ፊዚክስ ስለምፈራ።" "አባዬ ዶክተር ትሆናለህ ስላለኝ።" አንዷ ደግሞ "የወንድሜ የናቹራል መጽሐፍና ደብተር ቤት አለ፣ ቲቸር" አለችኝ። በዚህ ልጆቹን መውቀስ አልፈልግም። መጽሐፍ መግዛት ለሚከብደው ቤተሰብ የወንድም ደብተር ትልቅ ነገር ነው። ጓደኛን መከተልም በዚያ ዕድሜ የሚጠበቅ ነው።

ከእነዚህ ሁሉ መልሶች ውስጥ የሚጎድለኝ አንድ ነው። "ይህን ሥራ ሰው ሲሠራው አይቼ ወደድኩት" የሚለኝ ልጅ አላገኘሁም።

ልጆቻችን የሚመርጡት የሥራ ስም ነው። ሥራውን ራሱን አያውቁትም። መዋዕለ ሕፃናት ሲመረቁ ነጭ ጋዋን እናለብሳቸዋለን፣ አንገታቸው ላይ የሐኪም ማዳመጫ እናንጠለጥላለን። ሌላውን የፓይለት ኮፍያ እናደርግለታለን። "ስታድግ ምን ትሆናለህ?" ስንለው "ዶክተር!" ይላል፣ እናጨበጭባለን። ከዚያ ለአሥር ዓመት ያንኑ ጥያቄ እየደጋገምን እንጠይቀዋለን። መልስ የሚያገኝበትን ቦታ ግን አንድም ቀን አንወስደውም።

እስቲ አንድ የ10ኛ ክፍል ተማሪ በቅርብ ያየውን ሥራ እንቁጠር። መምህር፣ ባለሱቅ፣ ሹፌር፣ ገበሬ፣ መርፌ የወጋችው ነርስ፣ ፖሊስ። ከዚያ ውጭ ያለውን ያየው በቴሌቪዥንና በቲክቶክ ነው። የላብራቶሪ ባለሙያ ቀኑን ሙሉ ምን ሲሠራ እንደሚውል አያውቅም። ቀያሽ፣ የአፈር ተመራማሪ፣ የፋብሪካ የጥራት ተቆጣጣሪ፣ የፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ሠራተኛ፣ የእንስሳት ሐኪም፣ ኦዲተር የሚባሉ ሰዎች መኖራቸውን የሚያውቅ ጥቂት ነው። የማያውቀውን ደግሞ ሊመኘው አይችልም።

የሚያሳዝነኝ ይህ የሚሆነው ደብረ ብርሃን ላይ መሆኑ ነው። ከተማችን የሥራ ድሃ አይደለችም። የብርድ ልብስ ፋብሪካ አላት። የቢራ ፋብሪካ፣ የኢንዱስትሪ ፓርክ፣ የግብርና ምርምር ማዕከል፣ ዩኒቨርሲቲና ሐኪም ግዛው ሆስፒታል አሏት። ተማሪዎቼ በየቀኑ በእነዚህ አጥሮች ሥር ያልፋሉ። አጥሩ ውስጥ ምን እንደሚሠራ ጠይቄያቸው ከ"ብርድ ልብስ ይሠራል" ያለፈ መልስ የሰጠኝ የለም። ክሩ በምን እንደሚቀለም፣ ቀለሙን ማን እንደሚመጥን፣ ማሽኑ ሲቆም ማን እንደሚጠራ አያውቁም። እኔ ደግሞ ክፍል ውስጥ ስለ ቀለም ኬሚስትሪ በጠመኔ አስተምራቸዋለሁ።

አሁን ወደ ዩኒቨርሲቲ ልሂድ። የ12ኛ ክፍል ፈተናን ያለፈ ልጅ ምደባ ይጠብቃል። አንድ ዓመት ፍሬሽማን ይማራል። ፍሬሽማን በ2012 ዓ.ም. መመለሱ ጥሩ እርምጃ ነበር፣ ይህን ሳልናገር አላልፍም። ልጁ ቢያንስ አንድ ዓመት እፎይ ይላል። ግን በዚያ ዓመት የሚማረው የመግቢያ ኮርስ ነው። ዲፓርትመንቶቹን በቅርብ የሚያይበት ጊዜ አይደለም። በመጨረሻ የዲፓርትመንት ምርጫ ይሞላል። ዝርዝሩን ከላይ እስከ ታች በቁጥር ያስቀምጣል። ቦታው በውጤት ይደለደላል። ከዚያ ስልክ ይደወልልኛል። "ቲቸር፣ ዲፓርትመንት ወጣ።" "ምን ደረሰህ?" እላለሁ። ብዙ ጊዜ የምሰማው አሥረኛና አሥራ ሁለተኛ ምርጫውን ነው። አንዳንዱ የደረሰው ትምህርት ምን እንደሆነ ከእኔ ሊጠይቅ ነው የደወለው።

አንዲት የቀድሞ ተማሪዬ ሁለተኛ ዓመት ላይ ሆና ለዕረፍት መጥታ አገኘኋት። ጎበዝ ናት፣ ውጤቷም ጥሩ ነበር። "ትምህርቱ አልከበደኝም" አለችኝ። "ግን ተመርቄ ምን እንደምሠራ የነገረኝ ሰው የለም። መምህሮቻችንን ስንጠይቅ 'እናንተ ብቻ አጥኑ' ይሉናል።" መቀየር ትችል እንደሆነ ጠየቅኳት። አንድ ቢሮ ሄዳ ነበር፣ ወደ ሌላ ላኳት። ሌላው ጊዜው አልፏል አላት። ከዚያ ተወችው።

እዚህ ላይ የመውጫ ፈተና መጣ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ተማሪው ዲግሪውን ለማግኘት በዲፓርትመንቱ አገር አቀፍ ፈተና ማለፍ አለበት። ፈተናውን አልቃወምም። ጥራት ያስፈልጋል። ግን አስቡት። ልጁ ያልመረጠውን ትምህርት ይማራል፣ በዚያው ትምህርት ይፈተናል። ካለፈም ወጪ መጋራት የሚባለውን ውል ፈርሟልና ሥራ ሲይዝ ከደመወዙ እየተቆረጠ ዋጋውን ይከፍላል። የሚከፍለው ሰው ሲመርጥ ዓይኑ መገለጥ ነበረበት።

ክቡራን፣ ይህ ችግር የእናንተ ብቻ ሥራ አይደለም። የመጣበትን መንገድ አውቀዋለሁ። ታሪኩን መለስ ብሎ ማየት የሚረዳም ይመስለኛል፤ ምክንያቱም ይህች አገር የተሻለ ነገር ሞክራ ታውቃለች።

በንጉሡ ዘመን ከተከፈቱት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ብዙዎቹ "ኮምፕሬሄንሲቭ" ይባሉ ነበር። በእነዚያ ትምህርት ቤቶች ከሒሳብና ከሳይንስ ጎን የእንጨት ሥራ፣ የብረት ሥራ፣ ሆም ኢኮኖሚክስ፣ ታይፕና የሒሳብ መዝገብ አያያዝ ይሰጥ ነበር። አንድ ልጅ የሚጠላውን እንጨት ላይ አይቶ ይተወዋል። የሚወደውን ብረት ላይ ያገኘዋል። ሐኪም የሆነውም ልጅ አንዴ መጋዝ ይዞ ያውቃል። ዛሬም በዕድሜ የገፉ ሰዎች "እኛ ትምህርት ቤት ወርክሾፕ ነበር" ሲሉ ዓይናቸው ይበራል። አንዳንዱ ቦታ የወርክሾፑ ሕንፃ እስካሁን ቆሟል። ውስጡ የተሰበረ ዴስክ ይጠራቀምበታል።

ከዚያ በ1957 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ አንድ ነገር ጀመረ። የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ይባላል። ተማሪው ዲግሪውን ከመቀበሉ በፊት አንድ ዓመት ከአዲስ አበባ ወጥቶ በየጠቅላይ ግዛቱ እንዲያገለግል ግዴታ ሆነ። አብዛኞቹ አስተማሪ ሆነው ሄዱ። ሌሎቹ በተማሩበት ሙያ ሠሩ። ግዴታ ሲባል ያጉረመረሙ ነበሩ። ግን ያ ትውልድ ስለ ሕይወቱ ሲጽፍም ሆነ ሲያወራ ያችን ዓመት ሳያነሳ አያልፍም። አገሩን አይቷል። ራሱንም ማስተማር የሚችል ሰው መሆኑን ወይም አለመሆኑን አውቋል። ከመመረቁ በፊት ማለት ነው። ዛሬ ልጆቻችን ያንን የሚያውቁት ተመርቀው፣ ከተገኘም ሥራ ይዘው፣ ከሁለትና ከሦስት ዓመት በኋላ ነው።

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ሁለተኛ ደረጃን ለሁለት ከፈለው። 10ኛ ክፍል ላይ ብሔራዊ ፈተና መጣ። ያለፈ ወደ መሰናዶ፣ ያላለፈ ወደ ቴክኒክና ሙያ። በወረቀት ሲታይ ሁለቱም መንገድ ናቸው። ልጁ ግን የሰማው ሌላ ነው። ቴክኒክና ሙያ የወደቀ ልጅ የሚሄድበት ቦታ ሆነ። መካኒክነትን ከልቡ የሚወድ ጎበዝ ተማሪ እንኳ "ወደቀ እንዴ?" እንዳይባል ብሎ መሰናዶ ገባ። የ10ኛ ክፍል ፈተና ቀርቷል፣ ያ አስተሳሰብ ግን ከወላጅ ጭንቅላት አልወጣም። በየስብሰባው እሰማዋለሁ። "ልጄን ቴክኒክ እንዳታስገቡብኝ" ያለችኝ እናት አለች። ልጇ የሰፈሩን ሰው ሁሉ ስልክ የሚጠግን ልጅ ነው።

ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ 70/30 መጣ። ወደ መንግሥት ዩኒቨርሲቲ ከሚገባው ተማሪ 70 በመቶው ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ 30 በመቶው ማኅበራዊ ሳይንስ እንዲማር ተወሰነ። አገሪቱ መንገድ፣ ግድብና ቤት ትሠራ ነበር። መሐንዲስ ያስፈልጋት ነበር። ይገባኛል። ግን ከልጁ ይልቅ ኮታው መረጠ። "ናቹራል የጎበዝ ነው" የሚለው ወሬም ያን ጊዜ ሥር ሰደደ። ከዚያ የሲቪል ምሕንድስና ዲግሪ ይዘው ባጃጅ የሚነዱ ልጆች አየን። ባጃጅ መንዳት የሚናቅ ሥራ ሆኖ አይደለም። አምስት ዓመት ሙሉ ማንም ያልጠየቃቸውን ነገር በኋላ ብቻቸውን መመለስ ስለነበረባቸው ነው።

ስለ አንድ ልጅ ላንሳ። እውነተኛ ታሪክ ነው፣ የኛም አካባቢ ልጅ ነው። ከደብረ ብርሃን ብዙም በማይርቀው አንኮበር ተወለደ። እ.ኤ.አ. በ1947፣ ገና የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ሳለ፣ የማዕድን ምሕንድስና እንዲማር ወደ እንግሊዝ ተላከ። አገሪቱ ከጣልያን ወረራ ገና መውጣቷ ነበር። የማዕድን መሐንዲስ ትፈልግ ነበር። ልጁ ግን ይስል ነበር። እዚያ ያሉ መምህራኑ ስጦታውን አዩለት። መስመሩን ቀይሮ ለንደን ውስጥ ሥነ ጥበብ እንዲማር ተፈቀደለት፣ በኋላም ስሌድ የሚባለው ዝነኛ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ገባ። ይህ ልጅ አፈወርቅ ተክሌ ነው። አዲስ አበባ የአፍሪካ አዳራሽ የገባ ሰው ያንን ግዙፍ ባለቀለም መስታወት ቀና ብሎ አይቶታል።

ይህን ታሪክ "ስጦታ ያለው ሰው ምንም ቢሆን ይወጣል" ለማለት የሚጠቅሱት አሉ። እኔ የማየው ሌላ ነው። ሁለት ነገር ባይኖር አፈወርቅ ጥሩም መጥፎም የማዕድን መሐንዲስ ሆኖ ይቀር ነበር። አንደኛ፣ አጠገቡ አይቶ የሚነግረው ሰው ነበረ። ሁለተኛ፣ መንገድ ሲቀይር የሚያልፍበት በር ነበረ። መንግሥት የላከው ለሌላ ነገር ነበር፣ ሆኖም በሩ አልተዘጋበትም። ዛሬ ከዚያው ከአንኮበር መጥቶ እኔ ክፍል የተቀመጠ ልጅ ሁለቱም የሉትም።

የሚሰማኝን ትልቁን ነገር አሁን ልናገር። እስካሁን ያወራሁት ስላለፉት ልጆች ነው። ያላለፉት ግን ይበልጣሉ፣ በጣም ይበልጣሉ። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ለመጀመሪያ ጊዜ በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ሲሰጥ ወደ 900 ሺህ የሚጠጋ ተማሪ ተፈተነ። ከ50 በመቶ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ነው። 30 ሺህ አይሞላም። በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ ሆነ። ፈተናው ሐቀኛ መሆኑን አከብራለሁ። ኩረጃ ቀረ፣ እውነታችንን አየን። ለተወሰኑት ሪሚዲያል የሚባለው የማካካሻ ትምህርት ተከፈተላቸው፣ ያም መልካም። ግን እኛ መምህራን ለአሥራ ሁለት ዓመት ለልጆቹ የነገርናቸው አንድ መንገድ ብቻ ነው፦ ዩኒቨርሲቲ። ከመቶው ዘጠናው የማይሄድበትን መንገድ ለመቶውም አስተማርን።

ውጤት የወጣ ዕለት የቀሩት ምን ይሆናሉ? አንዳንዱ የግል ኮሌጅ ይመዘገባል፣ የሚከፍልለት ካለ። አንዳንዱ ከአባቱ ጋር እርሻ ላይ ይውላል። አንዳንዱ በድጋሚ እፈተናለሁ ብሎ ዓመቱን ቤት ይጨርሳል። አንዳንዱ ደግሞ ደላላ ያገኛል። በአፋር ወደ ጅቡቲ፣ ከጅቡቲ በጀልባ ወደ የመን፣ ከየመን ወደ ሳዑዲ። ከእኛ ዞንና ከወሎ የሚሄደውን ልጅ ብዛት እናንተም ታውቃላችሁ። ስደትን ድህነት ያመጣዋል፣ በምክር ብቻ አይቆምም። ግን ልጁ "እዚህ ምን መሆን እችላለሁ?" ሲል ከደላላው ሌላ ቀርቦ የሚመልስለት ሰው ሊኖር ይገባ ነበር።

ለዚህ ነው የሕይወት መንገድን መፈለግ የጎበዝ ተማሪ ቅንጦት ነው የሚለውን የማልቀበለው። ምን እንደሚሠራ ማወቅ ከሁሉ በላይ የሚያስፈልገው ለማያልፈው ልጅ ነው።

አሁን ወደ ጥያቄዬ ልግባ።

ከሁሉ በፊት፣ በ9ኛና በ10ኛ ክፍል በእያንዳንዱ ሴሚስተር ሁለት ሳምንት ለሥራ ጉብኝት ይሰጠን። ጉብኝት ስል በአውቶቡስ ሄዶ ፎቶ ተነስቶ መመለስን አይደለም። ልጁ አንድ የሥራ ቦታ ላይ ይዋል። ጠዋት ከሠራተኞቹ ጋር ይግባ፣ ማታ ከእነሱ ጋር ይውጣ። የወረዳ ፍርድ ቤት ችሎት ይቀመጥ። ጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል ይርዳ። የግብርና ባለሙያ ተከትሎ ቀበሌ ይውረድ። ጋራዥ ይዋል፣ ማዘጋጃ ቤት ከቀያሽ ጋር ይውጣ፣ የምርምር ማዕከሉ በጎቹን እንዴት እንደሚመዝን ይይ። በአራት ሴሚስተር አራት የተለያየ ሥራ ያያል። ቅጹን ሲሞላ ቢያንስ አራት ነገር አውቆ ነው። ገጠር ያለ ትምህርት ቤት ፋብሪካ የለውም ትሉኝ ይሆናል። ልክ ነው። ግን የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር፣ ጤና ኬላ፣ ወፍጮ ቤት፣ የመስኖ ሥራ አለው። አንድ ሳምንቱን ደግሞ የወረዳው ከተማ ቢያሳልፍ የሚከብድ አይደለም፤ ዘመድ የሌለው ልጅ ጥቂት ነው።

ይህ ብዙ ገንዘብ አይፈልግም። የሚፈልገው ደብዳቤ ነው። እኔ በግሌ ተማሪ ይዤ አንድ መሥሪያ ቤት በር ስቆም "ከማን ተጽፎላችሁ ነው?" እባላለሁ። ትክክል ናቸው፣ ኃላፊነት አለባቸው። እናንተ ከሥራና ክህሎት ሚኒስቴር፣ ከጤና ሚኒስቴርና ከክልሎች ጋር ተስማምታችሁ አንድ መመሪያ ብታወጡ ያ በር ይከፈታል። ለጉብኝቱ የሚሆን ጊዜም ካለንደሩ ውስጥ ሲገባ ነው የሚከበረው። ካልገባ የትኛውም ርዕሰ መምህር ፖርሽን ሳይጨርስ ተማሪ አያስወጣም፣ እኔም አልፈርድበትም።

አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት የሙያ ትምህርትን ከመካከለኛ ደረጃ ጀምሮ ማስገባቱን አውቃለሁ። ሐሳቡ ትክክል ነው። በአካባቢዬ የማየው ግን መጽሐፉ ሲመጣ መሣሪያው አለመምጣቱን ነው። የሙያ ትምህርት በጥቁር ሰሌዳ ሲሰጥ አንድ ተጨማሪ የሚሸመደድ ትምህርት ይሆናል። መሣሪያ እስኪገዛ ድረስ መሣሪያው ወዳለበት ቦታ ልጆቹን እንውሰዳቸው።

ሌላው፣ በየትምህርት ቤቱ አንድ ሰው ይመደብ። ሥራው ይህ ብቻ የሆነ። አሁን ምክር የሚሰጠው እንደ እኔ ያለ መምህር ነው፣ ሳምንቱን ሙሉ ክፍለ ጊዜ ይዞ፣ በዕረፍት ሰዓት፣ ኮሪደር ላይ ቆሞ። የማውቀውን እነግራቸዋለሁ። የማውቀው ግን ኬሚስትሪ ነው። ስለ አካውንቲንግ፣ ስለ ሕግ፣ ስለ ሶፍትዌር የምነግራቸው ከሌላ የሰማሁትን ነው። በየዓመቱ ከዩኒቨርሲቲዎቻችን የሳይኮሎጂ ምሩቃን ይወጣሉ። ብዙዎቹ ሥራ ፈላጊ ናቸው። አንድ ወገን ሥራ ያጣ አማካሪ፣ ሌላ ወገን አማካሪ ያጣ ተማሪ አለ። እነዚህን ሁለት ሰዎች ማገናኘት የእናንተ ሥልጣን ነው። ለሁሉም በአንድ ጊዜ ባይቻል ከትልልቆቹ ትምህርት ቤቶች ይጀመር። ለቀሩት ወረዳ ላይ አንድ ባለሙያ ተቀምጦ ይዙር።

ያ ሰው በእጁ የሚይዘው ነገርም ያስፈልገዋል። እያንዳንዱ የትምህርት ክፍል ምን እንደሚያስተምር፣ ተመራቂዎቹ ምን እንደሚሠሩ፣ የት እንደሚቀጠሩ፣ ስንቱ ሥራ እንዳገኘ በቀላል አማርኛና በሌሎች ቋንቋዎቻችን የተጻፈ መረጃ ይታተም። መጥፎ ዜናም ቢሆን ይጻፍ። የአንድ ዲፓርትመንት ምሩቃን ሥራ ካላገኙ ልጁ ከመመዝገቡ በፊት ሊያውቅ ይገባዋል። የደረጃ ሁለትና የደረጃ ሦስት የቴክኒክ ሥልጠናም በዚያው መጽሐፍ፣ በዚያው ክብር፣ ከሕክምናና ከሕግ ጎን ይቀመጥ። መጨረሻ ላይ እንደ አባሪ ከሆነ ወላጅ አያነበውም።

ሦስተኛው ለእኔ በጣም ከባዱ ነው፣ ምክንያቱም የዩኒቨርሲቲዎችን ፈቃድ ይጠይቃል። አንድ ተማሪ ዲፓርትመንት ገብቶ አንድ ዓመት ከተማረ በኋላ አንዴ፣ አንዴ ብቻ፣ የመቀየር መብት ይኑረው። ዛሬም በየዩኒቨርሲቲው ደንብ የዝውውር አንቀጽ አይጠፋም። ግን "ቦታ ካለ"፣ "ውጤት ካለ"፣ "በወቅቱ ካመለከተ" እያለ ይሄዳል። ልጁ ወቅቱን የሚያውቀው ካለፈ በኋላ ነው። የታወቀ ሳምንት ይኑረው። በየዓመቱ፣ በሁሉም ግቢ፣ በአንድ ጊዜ ይለጠፍ። እያንዳንዱ የትምህርት ክፍል ለተዛዋሪ ጥቂት ቦታ ያስቀምጥ። ሁሉም ወደ ሕክምናና ወደ ሶፍትዌር ይጎርፋል የሚል ስጋት አለ። ይገባኛል፣ ስለዚህ ውድድሩ በውጤት ይሁን። ግን ከሥነ ሕይወት ወደ ታሪክ፣ ከምሕንድስና ወደ መምህርነት፣ ከማኔጅመንት ወደ እርሻ መሄድ የሚፈልግ ልጅም አለ። እሱን የሚያስቆም ምንም ምክንያት አይታየኝም። የሚቀየረው አንድ ዓመት ለመንግሥት ኪሳራ ነው ከተባለ፣ ወዶት የማያውቀውን ዲግሪ ይዞ ዕድሜውን በሌላ ሥራ የሚጨርስ ሰው ኪሳራው ይበልጣል።

"መጀመሪያ ማንበብና ማስላት ይቻሉ፣ ይህ ትርፍ ነው" የሚሉ አሉ። ከባልደረቦቼም ጋር በዚህ ተከራክሬያለሁ። የመማሪያ ክፍል የፈረሰበት፣ በጦርነት ምክንያት ልጆች ለዓመታት ከትምህርት የራቁበት ቦታ መኖሩን አውቃለሁ፤ ክልላችን ውስጥ ነው ያለው። እዚያ የሚቀድመው ትምህርት ቤቱን መክፈት ነው። በተከፈተው ትምህርት ቤት ግን የማየው ነገር አለ። ፋብሪካ የሚሠራ አጎቱ አንድ ቀን ይዞት የገባ ተማሪ ነበረኝ። የውሃ ማጣሪያውን አይቶ መጣ። ከዚያ ስለ አሲድና ቤዝ ሳስተምር እጁን የሚያወጣው እሱ ሆነ። በፊት ከኋላ ዴስክ የማይነሳ ልጅ ነበር። ሁሉም እንዲህ ይሆናል አልልም። ለምን እንደሚማር የገባው ልጅ ግን ለመማር ብዙ ግፊት አያስፈልገውም።

ወላጆችም ይህን ካነበባችሁ አንድ ቃል። ልጃችሁ ምን መሆን እንደሚፈልግ ሲነግራችሁ ሐሳቡ የሰፈሩን ሰው ባያስደስትም ለአንድ ወር አትቃወሙት። ያንን ሥራ የሚሠራ ሰው ፈልጉና አብሮት እንዲውል ጠይቁለት። እድር ውስጥ፣ ማኅበር ውስጥ፣ ቤተ ክርስቲያንና መስጊድ ውስጥ የማይገኝ ባለሙያ የለም። ልጁ አይቶት ሊጠላው ይችላል። ያም ቢሆን አንድ ነገር አውቆ ተመለሰ ማለት ነው።

ክቡራን፣ በያዝነው ዓመት የ10ኛ ክፍል ቅጽ ከመሞላቱ በፊት አንድ ነገር መጀመር ይቻላል። የሁለቱን ሳምንት ጉብኝት በጥቂት ወረዳዎች ለሙከራ ፍቀዱልን። የደብረ ብርሃን ትምህርት ቤቶች ከመጀመሪያዎቹ እንዲሆኑ እጠይቃለሁ። ሆም ሩም የሆንን መምህራን ልጆቹን በየሥራ ቦታው ይዘን ለመዋል ፈቃደኞች ነን፣ ተጨማሪ ክፍያም አልጠየቅንም። የምንፈልገው የፈቃድ ደብዳቤ፣ ካለንደር ላይ የተጻፈ ጊዜና መንገድ ላይ ለሚደርስ ጉዳት ለልጆቹ የሚሆን ዋስትና ነው። በሴሚስተሩ መጨረሻ ልጆቹ ያዩትንና የመረጡትን፣ ከምርጫቸውም የቀየሩትን በጽሑፍ እናቀርብላችኋለን። መልሳችሁን በትምህርት ቤታችን በኩል እጠብቃለሁ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
የ10ኛ ክፍል ሆም ሩም መምህር
ደብረ ብርሃን